እንግሊዝኛን በጨዋታና በመሣሪያ ስለ ማስተማር

(በራዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን ከደረሰ በኋላ፥ ደብረ ማርቆስን፥ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ከዚያም ማንኩሳን በስተኋላው ትቶ ቡሬ ይደርሳል። ቡሬ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈልና አንደኛው ወደ ባሕር ዳር ሲያመራ፥ ሁለተኛው ዓባይን እንደ ገና ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወስዳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፥ በጤፉና በበቆሎው፥ በዳጉሳውና በበርበሬው ማሳ መካከል በሚያልፉት የእግር መንገዶች፥ ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ተማሪ ቤት የሚጓዙ ልጆች ይታያሉ። ከነዚህ ልጆች አንዱን አስቁማችሁ በእንግሊዝኛ «ስምህ ማን ነው?» ብትሉት ፈጠን ብሎ ይመልስላችኋል። «ዛሬ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ሁለተኛ ጥያቄ ብትጨምሩበት ግን፥ ብዙውን ጊዜ ፈገግ ብሎ መሬት መሬት ያያል።

ይህ ዝምታ ያለማወቅ ምልክት ብቻ ተደርጎ እንዳይቈጠር ያስፈልጋል። ልጁ ምናልባት ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ገልብጦ ይዞ ይሆናል፤ ፊደሉን ይለያል፥ የግሱንም ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል። የጎደለው ነገር ቢኖር ቃሉን ከደብተሩ አንሥቶ ከአንደበቱ የሚያደርስበት ምክንያትና ጊዜ ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህን ጉድለት ጨዋታና የዘመኑ መሣሪያ እንዴት ሊሞሉት እንደሚችሉ፥ ከሁለቱም ማናቸው ለባላገሩ ተማሪ ቤት እንደሚስማማ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይኖራሉ። ዳሩ ግን እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ውስጥ የያዘውን ስፍራ ማስታወስ ይገባል። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሆነ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ሲደረግ ሁለተኛው ደረጃ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ በየብሔረሰቡ ቋንቋ እንዲሆን፥ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም በሞላው በእንግሊዝኛ እንዲካሄድ ወሰነ። እንግዲህ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ፥ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ፥ ጨው በውሃ ለምን እንደሚሟሟ የሚማረው በቤቱም ሆነ በገበያው ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ ነው።

ውጤቱም ከዚህ ጋራ ይያያዛል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆነዋል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የመጽሐፍ እጥረት፥ የክፍል መጣበብ፥ የጸጥታ ችግርና ሌላም ሌላም አለበት። ይሁን እንጂ ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያቃተው ተማሪ፥ መልሱን በአማርኛ ቢያውቀው እንኳ ከቀረቡለት መልሶች ትክክለኛውን ለይቶ ሊመርጥ አይችልም። በፊዚክስ ወደቀ የምንለው ልጅ አንዳንድ ጊዜ የወደቀው በእንግሊዝኛ ነው።

ታዲያ የማይነገርበትን ቋንቋ በአንድ አገር ማስተማር ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም፤ ጎጃም ራሱ መልሱን ከያዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ግእዝ በማናቸውም ቤት የእናት ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች በዚህ ቋንቋ አዲስ ሐሳብ አፍልቆ የሚናገር ተማሪ ሲያወጡ ኖረዋል። እንዴት አድርገው እንደ ሆነ ማየት ይጠቅማል። ተማሪው አስቀድሞ ግሱን ይገሣል፤ ነገር ግን ግሱን እስኪጨርስ ድረስ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምርና፥ ቀን በየጥላው ሥር ሆኖ ሲቈጥር የዋለውን ማታ በመምህሩና በባልንጀሮቹ ፊት ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። እያለ እያለም ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። ትምህርቱ ብርቱ ነው፤ ቢሆንም የፉክክር ጣዕም፥ የሰምና የወርቅ ደስታ አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪው በየቀኑ ከራሱ አመንጭቶ መናገር ግዴታው ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከገበያ እንውሰድ። ቡሬ ከወለጋ የሚመጣው መንገድ ከጎጃሙ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ በመሆኗ፥ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚመላለስ ነጋዴ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ ሲነጋገር መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለው ነጋዴ ቋንቋውን ያገኘው ከሰዋስው መጽሐፍ አይደለም። ዋጋ ለመጠየቅ፥ ለመከራከር፥ ተራርቆ ለመስማማት ቃሉ አስፈለገውና ተናገረው፤ ተሳስቶ ሲሥቁበትም አብሮ ሥቆ አረመው። ከቅኔ ቤቱና ከገበያው የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ቋንቋ የሚያዘው ለመናገር ምክንያት ሲኖር፥ ንግግሩም ሲደጋገም፥ ስሕተቱም ያለ ኀፍረት ሲታረም ነው።

ጨዋታ ለትምህርት የሚጠቅመው እንግዲህ ልጆችን ስለሚያስደስት ብቻ አይደለም። ጨዋታ ለልጅ የመናገር ምክንያት ይሰጠዋል። የተደበቀ ነገር አለና ለማወቅ ይጠይቃል፤ ተራው ደርሷልና ይመልሳል፤ መሸነፍ አይወድምና ያስባል። ደግሞም በጨዋታ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ሃያና ሠላሳ ጊዜ ቢደጋገም ማንም አይሰለቸውም። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ሃያ ጊዜ ጻፍ ቢባል ግን የልጁ እጅ ይደክማል፥ ልቡም ወደ ሜዳው ይሸፍታል።

የባላገሩ ልጅ ጨዋታ የሌለው አይደለምና፥ አስተማሪው ከሌላ አገር ጨዋታ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። የድብብቆሹን ጨዋታ አስቡ። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲያበቁም «ነጋ!» ይሉታል። ይህ ጨዋታ ራሱ ጥያቄና መልስ ነው። ፈላጊው «ኢዝ ኢት ሞርኒንግ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የተደበቁትም «ኖት የት!» ብለው ቢመልሱ፥ ጨዋታው አልተለወጠም፤ ልጆቹ ግን በአንድ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ የእንግሊዝኛን የጥያቄ አሠራር ከአምሳ ጊዜ በላይ ሰምተውታል፥ ተናግረውታልም። ሰኞ ማክሰኞ የሚባለው በመሬት ላይ ሣጥን ተሥሎ በአንድ እግር የሚዘለለው ጨዋታም የሳምንቱን ቀኖችና ቍጥሮችን ለማስጠናት ከማናቸውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

እንቆቅልሽም እንደዚሁ ነው። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ተባብሎ ማታ በእሳት ዳር ያደገ ልጅ፥ አንድን ነገር ስሙን ሳይጠራ በመልኩና በሥራው መግለጽን ያውቃል። ይህንኑ በእንግሊዝኛ እንዲያደርገው ስናስተምረው «አራት እግር አለኝ፤ ሣር አልበላም፤ ሰው ይቀመጥብኛል፤ እኔ ማን ነኝ?» ለማለት የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂትና ተደጋጋሚ መሆናቸውን እናያለን። መላሹ ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» የሚለው ደንብ ሳይቀር ይጠቅማል፤ አገር የሚሰጠው ልጅ የከተማውን ስም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ መናገር አለበትና ነው።

ከውጭ አገር ምሁራን የተገኘም ጠቃሚ ጨዋታ አለ። ጄምስ አሸር የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር በፈረንጆች 1960ዎቹ ዓመታት እንዳስረዱት፥ ጀማሪ ተማሪ ቋንቋውን ለመናገር ከመገደዱ በፊት ትእዛዝ እየሰማ በሰውነቱ ቢፈጽም ቃሉ ከእንቅስቃሴው ጋራ ተቈራኝቶ ይቀርለታል። አስተማሪው «ተነሥ፥ ወደ በሩ ሂድ፥ ድንጋዩን አንሣ፥ ለባልንጀራህ ስጠው» እያለ በእንግሊዝኛ ያዛል፤ መጀመሪያ ራሱ አድርጎ ያሳያል፥ ቀጥሎ ተማሪዎቹ ይፈጽማሉ፥ በመጨረሻም ተማሪዎቹ ራሳቸው አዛዥ ይሆናሉ። ለዚህ ዘዴ መጽሐፍም መብራትም አያስፈልግም፤ አንድ ድንጋይና አንድ በር ይበቃል።

በክፍሉ ያሉት ተማሪዎች ብዙ ሲሆኑ ጨዋታ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ሒሳቡን እንይ። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል አስተማሪው 40 ደቂቃውን በሙሉ እያንዳንዱን በየተራ ቢያናግር ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው፤ አስተማሪው ራሱ የሚናገርበት ጊዜ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ነገር ግን ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው 30 ጥንድ ቢሠሩና ሁሉም በአንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ቢነጋገሩ፥ ለእያንዳንዱ ልጅ አምስት ደቂቃ ይደርሰዋል። ክፍሉ ይንጫጫል፤ እውነት ነው። ቋንቋ በሚሰጥበት ሰዓት ግን ከልክ ያለፈ ጸጥታ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንለፍ። ጨዋታ የመናገርን ምክንያት ሲሰጥ፥ ሊሰጥ የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቋንቋው ትክክለኛ ድምፅ ነው። አስተማሪው ራሱ ቋንቋውን ከሰው አፍ ብዙ ሳይሰማ ከመጽሐፍ የተማረው ከሆነ፥ ተማሪዎቹም የእርሱኑ አነጋገር ይወርሳሉ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ አገራችን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተማሪ ቤቶች ሲመደቡ፥ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ተማሪ ቍጥር ትንሽ ስለ ነበረ ድምፃቸው የሚሰማው ከተማሪው ለብዙው ነበር። ዛሬ የተማሪው ብዛት በሚሊዮን ስለሚቈጠር ለየክፍሉ ከባሕር ማዶ አስተማሪ ማምጣት የማይታሰብ ነው። ድምፁን በመሣሪያ ማምጣት ግን ይቻላል።

ከመሣሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ራዲዮ ነው። ሆኖም ራዲዮ ብቻውን የሚናገር፥ ተማሪም ብቻውን የሚሰማ ከሆነ ትምህርቱ ከጆሮ አያልፍም። ይህን ለማሻሻል በፈረንጆች 1974 ዓመት ገደማ በኒካራጓ፥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ያሉበት አንድ የሒሳብ ትምህርት በራዲዮ ተጀመረ። የዚህ ትምህርት ብልኀቱ ዝምታው ነበር፤ ራዲዮው ይጠይቅና ለጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል፥ በዚያች ጊዜ ልጆቹ በአንድነት ይመልሳሉ፥ ከዚያ ራዲዮው ትክክለኛውን መልስ ይናገራል። ከ1980 በኋላም በጎረቤታችን በኬንያ ለታችኞቹ ሦስት ክፍሎች እንግሊዝኛ በዚሁ መንገድ ተሰጠ፤ በዚህ የተማሩትም በማድመጥና በማንበብ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። በአገራችንም የአንደኛ ደረጃ ልጆች እንግሊዝኛን በዚህ ዓይነት ራዲዮ የተማሩበት ጊዜ አለ። ራዲዮው በዚህ አኳኋን ሲሠራ ከልጆቹ ጋራ የሚጫወት ባልንጀራ ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት፥ በተለምዶ ፕላዝማ የተባለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ነው። በ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት ተማሪዎች እንግሊዝኛም ሒሳብም ሳይንስም በሳተላይት አማካይነት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር መሰጠት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁ ነበሩ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ የቡሬ ተማሪ የአዲስ አበባው ተማሪ የሚያየውን አስተማሪ አየ፥ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀውንም ሙከራ በዓይኑ ተመለከተ። ችግሩ ግን ወዲያው ታየ። ቴሌቪዥኑ አይጠብቅም ነበር። አነጋገሩ ፈጣን በመሆኑ በእንግሊዝኛ ደካማ የሆነው ተማሪ አንዱን ቃል ሲያስብ አሥሩ ያመልጡታል። አስተማሪው በመግቢያውና በመዝጊያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ቀረለት ከክፍሉ ባለቤትነት ወደ ተመልካችነት ወረደ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ያመለጠውም ተመልሶ አይመጣም።

ከፕላዝማው የምንማረው መሣሪያ አይረባም ማለትን አይደለም። የምንማረው፥ ተማሪው ሊያስቆመውና ሊያስደግመው የማይችለው መሣሪያ ለቋንቋ ትምህርት እንደማይመች፥ አስተማሪውንም ወደ ዳር የሚገፋ መሣሪያ የሚጠቅመውን ያህል እንደሚጐዳ ነው። በዚህ መለኪያ ስንመዝነው ዛሬ በየገበሬው ቤት እየገባ ያለው ተራ የእጅ ስልክ ከትልቁ ቴሌቪዥን የሚሻልበት ነገር አለ። ማስታወሻ ካርድ የሚቀበል ስልክ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ንግግር ይይዛል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አስተማሪው በፈለገበት ያስቆመዋል፥ ሦስት ጊዜም ያስደግመዋል። ድምፁ ለክፍሉ አልበቃ ሲል ባዶ ጣሳ ውስጥ ቢያስቀምጡት ይጐላል። ከዚህም በላይ ድምፅ ይቀርጻል፤ ልጁ የራሱን ንግግር መልሶ ሲሰማ ስሕተቱን ማንም ሳይነግረው የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ኢንተርኔት አይፈልግም ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ተማሪ ቤቶች ሲዘጉ ትምህርቱ በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተሞከረ። የከተማው ልጅ ከዚህ ጥቂት ሲያገኝ፥ ቴሌቪዥንም መብራትም የሌለው የባላገር ልጅ ከብት ወደ መጠበቁ ተመለሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት በምዕራብ ጎጃምም ሆነ በሌሎቹ አውራጃዎች ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተዋል፥ የኢንተርኔትም መሥመር ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በሽቦና በሞገድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርት ሽቦው ሲቈረጥ ይቈረጣል። በካርድ ተቀርጾ በቤት የተቀመጠ ድምፅ ግን ይቀራል። በልጁ ቃል የተያዘ እንቆቅልሽማ ከብት ጥበቃውም ቦታ አብሮት ይሄዳል፤ ታላቁ ለታናሹ ያወርሰዋል።

ሁለቱን፥ ጨዋታውንና መሣሪያውን፥ አስተማሪው እንዴት እንደሚያገናኛቸው በአንድ ምሳሌ እናሳይ። በቡሬ አቅራቢያ መብራት በሌለበት ተማሪ ቤት የ5ኛ ክፍል የሳምንቱ ትምህርት «ገበያ» ነው እንበል። ሰኞ ዕለት አስተማሪው በስልኩ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ የገዢና የሻጭ ንግግር ሦስት ጊዜ ያሰማል። በመጀመሪያው ጊዜ ልጆቹ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ብቻ ይገምታሉ፤ በሁለተኛው ዋጋውን ያድምጣሉ፤ በሦስተኛው በየዐረፍተ ነገሩ እያስቆመ ያስደግማቸዋል። ማክሰኞ እነዚያኑ አምስት ዐረፍተ ነገሮች በትእዛዝ ጨዋታ ያስለምዳቸዋል።

ረቡዕ ዋናው ጨዋታ ይሆናል። ለሻጩ ልጅ በትንሽ ወረቀት «አንድ ኪሎ በርበሬ ከዚህ ዋጋ በታች አትሽጥ» የሚል፥ ለገዢው ልጅ ደግሞ «ከዚህ ገንዘብ በላይ የለህም» የሚል ይጻፍለታል። አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። ዋጋውን ሳይነጋገሩ ማወቅ ስለማይቻል ሁለቱም በእንግሊዝኛ መጠየቅና መከራከር ግድ ይሆንባቸዋል። የጨዋታው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም። አስተማሪው መልሱን እያወቀ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ እርሳስ ሲያሳይ ልጁ የሚመልሰው ለደንብ ያህል ነው፤ ባልንጀራው የደበቀውን ዋጋ ለማወቅ ሲጠይቅ ግን የሚናገረው ከልቡ ነው። ሐሙስ ልጆቹ ቦታ ተለዋውጠው ይጫወታሉ። ዓርብ ፈቃደኛ የሆኑ ጥንዶች ንግግራቸውን በስልኩ ያስቀርጹና ክፍሉ ያድምጠዋል። በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ያው ጨዋታ ለአምስት ደቂቃ ይደገማል፤ ከወር በኋላም እንደ ገና ይነሣል። ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባሉት የጀርመን ምሁር በፈረንጆች 1885 ባሳተሙት ጥናታቸው እንደ ገለጹት፥ የተማርነው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች በፍጥነት ይረሳል፤ በየጊዜው ሲታወስ ግን መርሳቱ እየዘገየ ይሄዳልና።

ይህን ስንል ጨዋታ ሁሉ ትምህርት ነው ማለታችን እንዳይደለ ግልጽ ይሁን። ጨዋታው ምን ዐረፍተ ነገር ሊያስተምር እንደ ታሰበ አስቀድሞ ካልተወሰነ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ፈጣኖቹ ልጆች ብቻ የሚናገሩበት ከሆነ ዓይን አፋሮቹ፥ በተለይም ልጃገረዶቹ፥ እንደ ዱሮው ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ተራ የግድ ነው። የጨዋታውንም ደንብ በአማርኛ ማስረዳት ነውር አይደለም፤ ደንቡ ከተገባ በኋላ ጨዋታው በእንግሊዝኛ ይሁን። አስተማሪውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል። ባልተዘጋጀበት ነገር በእንግሊዝኛ አርባ ደቂቃ ሙሉ ማስረዳት የሚከብደው አስተማሪ፥ አምስት ዐረፍተ ነገር በሚገባ ተለማምዶ ጨዋታ ማካሄድ አይከብደውም። በፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ በሌሎቹ እንዲህ ባሉት ተቋማት የሚሠለጥነው ዕጩ አስተማሪ፥ ዘዴውን በጽሑፍ ከመማሩ ይልቅ ራሱ እንደ ተማሪ ሆኖ ቢጫወተው ይበልጥ እንደሚይዘው አያጠራጥርም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህ ሁሉ የአስተማሪዎች ጉዳይ ነው፥ እኛን ምን አገባን እንዳትሉ እንለምናችኋለን። ከመካከላችሁ አንዳንዱ የበጀት ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ አንዳንዱ የዕቃ ግዥ ያዝዛል። ለተማሪ ቤት የሚገዛ መሣሪያ በፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ይሠራልን? ሲበላሽ በወረዳው የሚጠግነው ሰው አለን? አስተማሪው ሊያስቆመውና ሊያስደግመው ይችላልን? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ዕቃ የቱንም ያህል ቢያምር መጨረሻው የዕቃ ግምጃ ቤት ማጣበቢያ መሆን ነው።

ሌላው ደግሞ ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ነው። አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ በባላገር ወንድም፥ እኅት ወይም አክስት አለው። ለዘመን መለወጫ ወይም ለፋሲካ ወደ አገሩ ሲሄድ ስኳርና ቡና እንደሚይዝ ሁሉ፥ ለልጆቹ ጥሩ የእንግሊዝኛ ንግግር የተቀረጸባት አንዲት ማስታወሻ ካርድ ቢይዝ ዋጋዋ ከአንድ ኪሎ ቡና አይበልጥም። ከዚያም ማታ ራት እስኪቀርብ ድረስ ከልጆቹ ጋራ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ያህል እንቆቅልሽ በእንግሊዝኛ ይጫወት። የራሱ እንግሊዝኛ ፍጹም ባይሆን አይፈር፤ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚጽፍበት ያህል ለዚህ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ ልጁ ተሳስቶ ሲናገር አይሣቅበት። አንድ ጊዜ የተሣቀበት ልጅ ዳግመኛ አፉን ለመክፈት ዓመት ይፈጅበታልና።

አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ለዛሬው የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጅ የሚቀርበት ደጃዝማችነት ሳይሆን ሐኪምነቱ፥ መሐንዲስነቱ፥ አስተማሪነቱ ነው። በመንገድ ላይ አስቁመን ሁለተኛውን ጥያቄ ስንጠይቀው መሬት መሬት ማየቱን ትቶ ዓይናችንን እያየ እንዲመልስ ከፈለግን፥ አስቀድሞ በተማሪ ቤቱም፥ በእሳቱም ዳር፥ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀውና ብዙ ጊዜ የሚያዳምጠው ሰው ማግኘት አለበት።